ቢጫው ባልዲና የደወሉ መዶሻ

ግንቦት 12 ቀን፣ ሐሙስ። ጥሬ ካሮት፣ የተፈቀፈቀ። የቀረበ፦ አሥራ ስድስት ኪሎ። የተመለሰ፦

ደብተሩ እዚህ ላይ ያቆማል። «የተመለሰ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባዶ ነው፤ ከዚያ በኋላም ማንም አልሞላውም። በማግስቱ ዓርብ ማለዳ፣ የደብተሩ ባለቤት ወደ ሥራ ለመሄድ ጫማዋን ልታጠልቅ ጎንበስ እንዳለች ዐረፈች። ዕድሜዋ ስድሳ አንድ ነበር። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና ከተቀጠረች ሃያ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆኗት ነበር።

ትምህርት ቤቱ በሩ ላይ የለጠፈው የኀዘን ወረቀት አምስት መስመር ነው። አራቱ መስመሮች ልክ ናቸው። አምስተኛው «ታዛዥና ትሑት ሠራተኛ ነበሩ» ይላል። ትሑት መሆኗን የሚከራከር የለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከልጆቹ ቀድማ ጎርሳ አታውቅም። ታዛዥ የሚለው ግን መታረም አለበት። ታዛዥ አልነበረችም። ታዛዥ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ሦስት መቶ ሃያ ልጆች ቀትር ላይ የሚበሉት ብስኩት ነበር።

ልጆቹ «እማማ ሚዛን» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጣላት አንድ የወፍጮ ቤት ዕቃ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ ከተጣለው ብረታ ብረት መካከል ለቅማ ያመጣችው አሮጌ የመንጠቆ ሚዛን። ኩሽናው በር ጉበን ላይ ሰቀለችው። ከሥሩ ቢጫ ባልዲ አኖረች። ልጆቹ በልተው ሲወጡ ትራፊያቸውን ባልዲው ውስጥ ያራግፋሉ፣ ሳህናቸውን ገንዳው ውስጥ ይከታሉ፣ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብለው ወደ ሜዳው ይሮጣሉ። የመጨረሻው ልጅ ሲወጣ ባልዲውን መንጠቆው ላይ ታንጠለጥልና የባልዲውን ክብደት ቀንሳ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የሚሰማት ኖረም አልኖረም። ደብተሯ ላይ ታሰፍረዋለች። ከዚያ ትራፊውን ሁለት ቅያስ አልፋ ለባለዶሮዋ ጎረቤቷ ታደርሳለች። ይህ ሥራዋ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ አንድም ቀን አልዘለለችም።

ሌላ ምግብ አብሳይ የሚቆመው ጭልፋው አጠገብ ነው። እሷ ጭልፋውን ለተረኛው መምህር ትታ ባልዲው አጠገብ ትቆማለች። ለምን ሲሏት፣ ያበሰልኩትን እኔው ዐውቀዋለሁ፣ የማላውቀው የበሉትን ነው ትላለች።

ደብተሩን ያሰመረችላት የእህቷ ልጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ ሥራ የተማረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከአክስቷ ጋር ምሳ የምትበላ። አራት ዓምድ አሰመረችላት፦ ቀን፣ ምግብ፣ የቀረበ፣ የተመለሰ። ሁለት ሕግም ነገረቻት። የመዘንሽውን ጻፊ እንጂ የመሰለሽን አትጻፊ። ስሕተት ቢገኝ ከጎኑ አርሚው እንጂ አትፋቂው። አክስትየዋ ሳቀች። ጎመን ልቀቅል ነው ወይስ ፍርድ ቤት ልቀርብ አለች። ግን ሁለቱንም ሕግ እንደ ነፍሷ ጠበቀች።

ደብተሩ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነበር። ምስር አይመለስም። ዳቦ አይመለስም። ሩዝ በመጠኑ ይመለሳል። ካሮትና ጥቅል ጎመን ግን የሚበዛው እንደ ሄደ ይመጣል። ሰኞና ሐሙስ ካሮቱን አጥባ፣ ልጣ፣ በቁመቱ ሰንጥቃ ጥሬውን ታቀርባለች፤ ከአሥራ ስድስቱ ኪሎ ዘጠኙ ባልዲው ውስጥ ይገኛል። ቀቅላው አየች፣ ምስሩ ውስጥ ደብቃው አየች፣ ስኳር ነስንሳበትም አየች። ልጆቹ ካሮት ከምስር ሲለዩ ዓይናቸው እንደ ወርቅ አንጥረኛ ነው። ወደ ጥሬው ተመለሰች።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የብስኩት ፋብሪካው ሰውዬ መጣ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ ይላሉ መምህራኑ። አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ከአፉ ማር ጠብ ይላል። ፋብሪካው ለሦስት መቶ ሃያዎቹም ልጆች በየቀኑ ቀትር ላይ ብስኩትና ጣፋጭ የዱቄት ጭማቂ በነፃ ሊያቀርብ ፈቃደኛ ነው። በምትኩ የሚፈልገው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሥዕል ሊስልበት። ኩሽናው ይዘጋል፣ የምግብ አዳራሹም የመማሪያ ክፍል ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አንደኛ ክፍሎች በአንድ ወንበር ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት፤ ጥግ ያለው ልጅ በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀምጦ ይማራል። ክፍል የሚያስገኝለትን ሰው በሁለት እጁ ቢቀበል አይፈረድበትም። ምግብ አብሳይዋን ቢሮው አስጠርቶ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የራስዎ ደብተር ነው» አላት። «ከአሥራ ስድስት ኪሎ ዘጠኙ ለዶሮ ነው የሚሄደው። ልጆቹ አይበሉትማ።»

በገዛ እጇ ጽፋ ባስቀመጠችው ነገር ነው የተያዘችው።

ዳይሬክተሩን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትለው። ስትናደድ ብቻ «ልጄ» ትለዋለች፤ መምህራኑ ይህችን ቃል ከቢሮው ሲሰሙ ከአካባቢው ዘወር ይላሉ።

«ልጄ» አለችው፣ «ልጆቹ መጻፍ አልቻሉም ተብሎ ጥቁር ሰሌዳ ይነቀላል?»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አገላበጠ። ውሳኔው የእሱ እንዳልሆነ፣ የወላጆች ኮሚቴ ጥር 20 ቀን እንደሚሰበሰብ፣ ዘጠኙ አባላት እንደሚመርጡበት ነገራት። እንግዲያው እስከ ጥር 20 ከኩሽናዬ ሚስማር አይነቀልም ብላው ወጣች።

የፋብሪካው ሰዓሊ ግን ኮሚቴውን አልጠበቀም። በሳምንቱ መጥቶ በኩሽናው የውጭ ግድግዳ ላይ የጋሪ ጎማ የሚያህል ብስኩት ሣለ፤ ዓይንና አፍ ያለው፣ ጥርሱን የሚያሳይ። ልጆቹ ተሰብስበው አዩት። እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። ከሰዓት በኋላ ሰባት ሚስማርና መዶሻ ይዛ ወጣችና ብስኩቱ ላይ በተርታ መታቻቸው፤ አንዱ ሚስማር የግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ወንፊቷን፣ የድስት ክዳኖቿንና ትልቁን ጭልፋ ሰቀለችባቸው። ተረኛው መምህር ምን ማድረጓ እንደሆነ ቢጠይቃት ክዳን መስቀያ ቸግሯት እንደ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው እንዳመቻቹላት ነገረችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ ባልዲው አጠገብ ቆመች። ቀድሞም ትቆም ነበር፣ አሁን ግን ፊቷን አጠቆረች። ካሮት ይዞ የሚመጣውን ልጅ ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች። ማየቷ ብቻ ይበቃል።

ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ኅዳር 21፣ ስምንት ኪሎ። ታኅሣሥ 5፣ አምስት። ታኅሣሥ 19፣ ሦስት። «ሦስት!» ብላ ስትጮህ ሜዳው ማዶ ተሰማ። ያን ዕለት ድስት ስታጥብ እንጉርጉሮ ቢጤ ታሰማ ነበር፤ ደብተሯንም ይዛ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ከፍታ አስቀመጠችለት። እሱም እንደ መደነቅ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛው መጣ። ደወሉን የሚመታው እሱ ስለሆነ ጋሽ ደወል ነው የሚባለው። ወሬ ሲኖረው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ማጠፍ ልማዱ ነው።

«እትዬ» አላት፣ «ካሮት መትከል ጀመርሽ እንዴ?»

«የት?»

«ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ። እኔ ሰንጥቀው የሚተክሉት ካሮት ዛሬ ገና አየሁ።»

ተከትላው ሄደች። ከግንቡ ሥር፣ ሰው በማያይበት በኩል፣ ካሮቱ ተከምሯል። የቀደመው ደርቆ ተጨማድዷል፤ የዕለቱ ገና ብርቱካንማ ነው። አንዳንዱ የኪስ ጨርቅ ክር ተጣብቆበታል። ልጆቹ በኪሳቸው እየያዙ በዐይኗ ሥር አልፈው እዚህ ጥለውታል።

ጋሽ ደወል እኔም አላየሁ፣ አንቺም አላየሽ፣ ዝናቡ ሲመጣ ይወስደዋል ብሎ ባርኔጣውን አደረገ። ወሬ ማቀበል የሚወደውን ያህል ምስጢር መጠበቅም ያውቅበት ነበር። እሷ ግን ተመልሳ ቢጫውን ባልዲ አመጣች። የዕለቱን ካሮት ከደረቀው ለይታ በእጇ ለቀመችና መንጠቆው ላይ ሰቀለችው። ስድስት ኪሎ። ሦስትና ስድስት ዘጠኝ። ከድሮው አንዲት ፍልጥ እንኳ አብልጠው አልበሉም። የወረደ ነገር አልነበረም።

ኩሽና ገብታ የምስሩ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ገጹን ብትተወው ማንም አያውቅም ነበር። ኮሚቴው ሦስት ኪሎ የሚለውን አይቶ ያጨበጭብላት ነበር፤ ኩሽናውም ይተርፋል። እስክሪብቶዋን አነሳች። ከታኅሣሥ 19 ጎን፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፣ አሁንም ይነበባል፦ «ስሕተት። ከመጸዳጃ ቤት ጀርባ ሌላ ስድስት ኪሎ ተገኝቷል። ምክንያት፦ የኔ ፊት።»

በሚቀጥለው የካሮት ቀን ባልዲው አጠገብ አልቆመችም። ትንሽ በርጩማ ስባ በሩ ሥር ተቀመጠች። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ የላይ ፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ሳህኗን እንዳለ ስትገለብጥ አየቻት። ልጅቷም መታየቷን አይታ ደረቀች።

«አልቆጣሽም፤ ነይ እስቲ» አለቻት። «አይጣፍጥም?»

«ይጣፍጣል።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ ወደ ሜዳው ዞር ብላ አየች። «ካሮት ቶሎ አያልቅም እማማ። ዳቦ እየሮጡ ይዋጣል። ካሮት ግን ይታኘካል። እኔ ደግሞ በጎን ጥርሴ ነው የማኝከው። እስክጨርስ የገመድ ዝላይ ተራ ያልፈኛል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ባልዲ መዝና ምን እንደ ተመለሰ ታውቅ ነበር። ለምን እንደ ተመለሰ ግን ባልዲውን እንጂ ልጆቹን ጠይቃ አታውቅም። በማግስቱ የጋሽ ደወልን የእጅ ሰዓት ተውሳ አዳራሹ ጥግ ቆመች። ልጆቹ ማዕድ ላይ የሚቆዩት ሰባት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ የጨረሰ ኳሱን ይይዛል፣ ገመዱን ይይዛል። የዘገየ ግድግዳ ተደግፎ ሌላውን ያያል። ማን አብዶ ካሮት ያኝካል?

መድኃኒቱ ዓይኗ ሥር ነበር። መጀመሪያ ይጫወቱ፤ ከዚያ ይብሉ። ከምሳ በኋላ የሚጠብቃቸው ክፍል ብቻ ከሆነ የሚያስሮጥ ነገር የለም፤ ሮጠው የደከሙ ልጆች ደግሞ ይርባቸዋል።

ይህን ይዛ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። የሰዓት ሰሌዳው ከበላይ ጸድቆ የመጣ ነው፣ ማህተም አለበት፣ በእኔ ሥልጣን አይቀየርም አላት። ማህተሙ ካሮት ይበላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ፈገግ አለ፣ ግን አልቀየረም። በሦስተኛው ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወረቀቱን ማንበብ ቀጠለ። ኮሚቴው ሊሰበሰብ ዐሥር ቀን ቀርቶ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ደወል ከዛፍ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ የሚመታውም ዛፉ ሥር በምትቀመጥ መዶሻ ነው። በስድስት ሰዓት አንደኛው ደወል ክፍል ያስለቅቃል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው ደወል የምግብ አዳራሹን ያስከፍታል። ሁለተኛው ደወል ሳይመታ ማንም ልጅ አዳራሽ አይገባም፤ ይህም ከሰሌዳው ጋር በማህተም ጸድቆ የመጣ ደንብ ነው።

ጥር 10 ቀን፣ ሰኞ፣ አንደኛው ደወል ተመታ። ጋሽ ደወል ሰዓቱን አይቶ ለሁለተኛው እጁን ወደ ዛፉ ሥር ሲሰድድ መዶሻዋ የለችም። ዛፉን ዞረው። ባርኔጣውን አውልቆ ከሥሩ አየ። ልጆቹ በሩ ላይ ተሰለፉ፣ ጠበቁ፣ ተሰላቹ፣ ከዚያ አንዱ ኳሷን መታት፤ ሰልፉም ፈረሰ። ገመዶች ተዘረጉ። ሜዳው ተሞላ።

ምግብ አብሳይዋ ኩሽናዋ ውስጥ የምስሩ በርሜል ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ ተሰይማ ተቀምጣለች። ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ደረሰ። በርሜሉን አየ፣ እሷን አየ።

«እማማ፣ መዶሻውን ይስጡኝ።»

«ሰዓቱ ሲደርስ።»

«ሰዓቱማ አልፏል።»

«ያንተ ሰዓት ነው ያለፈው ልጄ። የልጆቹ ገና ነው።»

ከበርሜሉ ላይ ሊያነሳት እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን ልበል አላት።

«ምግብ አብሳይዋ መዶሻ ሰረቀች በል። ልክ ነው ብዬ እፈርምልሃለሁ።»

ስድስት ተኩል ሲሆን ተነሥታ ክዳኑን ከፈተች። እጇን እስከ ክርኗ ምስሩ ውስጥ ከትታ መዶሻዋን አወጣች፤ ምስሩ ከእጀታው ላይ እየረገፈ በዳይሬክተሩ ፊት አልፋ ዛፉ ሥር ሄደች። ቸርኬውን ሦስት ጊዜ መታችው። ጋሽ ደወል በኋላ ሲያወራ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ አመታት አልሰማሁም ይላል።

ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ገቡ። ተቀመጡ። የሚሮጡበት አልነበራቸውም፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው። እሷ ባልዲው ጋ አልቆመችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታጥብ ነበር። በጀርባዋ በኩል የሚሰማው ድምፅ ግን አዲስ ነበር። ሦስት መቶ ሃያ አፍ ካሮት ሲያኝክ፣ በጠጠር ላይ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ያለ ድምፅ ያወጣል። የተመለሰው አምስት ኪሎ ተኩል ሆነ። ቁጥሩን ጮክ ብላ አልተናገረችም። መጀመሪያ ጋሽ ደወልን ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ፈትሸህ ና አለችው። ሄዶ ተመለሰ። አንድ ፍልጥ የለም አላት። ያን ጊዜ ጮኸች።

ያን ዕለት ዳይሬክተሩ መዶሻዋን ወስዶ ቢሮው ቆለፈባት። በማግስቱ በስድስት ሰዓት ራሱ ይዟት ወጣ። አንደኛውን ደወል መታ። ከዚያ መዶሻዋን እንደያዘ ዛፉ ሥር ቆመ፤ ሰዓቱን ያያል፣ ሜዳውን ያያል፣ አይመታም። አምስት ደቂቃ አለፈ። ዐሥር አለፈ። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ መታ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ጋሽ ደወል ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ ዳይሬክተሩ በሰኞው ምሳ ላይ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ሳህኑን ይዞ ጭማሪ ካሮት ሲጠይቅ በመስኮት አይቶ ነበር።

ጥር 20 ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። የብስኩቱ ሰውዬ በየአባሉ ፊት አንድ አንድ እሽግ አስቀምጧል። ስለ ቪታሚን ተናገረ፣ ስለ ንጽሕና ተናገረ፣ ልጆች ስለሚወዱት ጣዕም ተናገረ፤ አነጋገሩም ያምር ነበር። እሷ ሽርጧን እንዳደረገች ገባች። ደብተሯን ከፍታ አነበበች። ጥር 10፣ አምስት ኪሎ ተኩል። ጥር 13፣ አራት። ጥር 17፣ ሦስት ተኩል። ዛሬ፣ ሦስት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ወደ ኋላ ገልጣ የታኅሣሥ 19ኙን አነበበች፤ መጸዳጃ ቤቱን፣ ስድስቱን ኪሎ፣ ፊቷን ሳታስቀር።

የብስኩቱ ሰውዬ ከወንበሩ ተነሣ። ይኸው በራሳቸው አንደበት ነገሯችሁ፣ ልጆቹ ምግቡን መጸዳጃ ቤት ነው የሚጥሉት አለ። ከአባላቱ አንዱ፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ አባት የሆነ አናጢ፣ እጁን አወጣ።

«እናቴ፣ ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ለምን ጻፉት?»

«ይህን ገጽ ብቀድደው ሌላውን ገጽ በምን ታምኑኛላችሁ?»

የብስኩቱ ሰውዬ ቀበል አድርጎ፣ የእኛ ምርት በሄደበት ትምህርት ቤት ሁሉ አንዲት ፍርፋሪ ተመልሳ አታውቅም አለ።

«አምንዎታለሁ» አለችው። «ልጅ የማይመልሰውን መስጠት ማንም አያቅተውም። እኔን የቀጠሩኝ የሚመልሰውን እንዳበላ ነው።»

አምስት ለአራት ሆነ። ኩሽናው ተረፈ። ጸሐፊ ሆኖ የተቀመጠው ዳይሬክተሩ በቃለ ጉባኤው ላይ «የምሳ ሰዓት ቅደም ተከተል በመስተካከሉ መሻሻል ታይቷል» ብሎ ጻፈ። በማን እንደ ተስተካከለ አልጻፈም። ስለ መዶሻዋም አንድ ቃል የለም፤ ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተገላብጦ ታይቷል። አንደኛ ክፍሎች አሁንም በአንድ ወንበር ሦስት ናቸው። ይህን እሷም አልፈታችውም፤ ፈታሁ ብላም አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በደብተሩ ላይ ዝግ ብለው ነው የሚወርዱት። ለጥርሰ ወላቆቹ ብላ ካሮቱን መፈቅፈቅና ሎሚ መጭመቅ ጀመረች። የካቲት ውስጥ ሁለት ኪሎ፤ ሚያዝያ ላይ አንድ። ጥቅል ጎመን ግን እስከ መጨረሻው እምቢ እንዳላት ቀረ፤ ቁጥሩ ከነሐፍረቱ እዚያው ሰፍሯል። ጎመኑን የሚቀጥለው ዓመት እይዘዋለሁ ትል ነበር፣ ከሰው ጋር እንዳላት ቂም።

ግንቦት 12 ቀን፣ ሐሙስ፣ የመጨረሻው ልጅ ወጣ። ቀኑን፣ ምግቡንና የቀረበውን ጻፈች። «የተመለሰ» ብላም ጻፈች። ባልዲውን መንጠቆው ላይ አንጠለጠለች። መርፌው ከባልዲው ክብደት ወዲያ አልተንቀሳቀሰም። ሚዛኑ ያረጀ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ በታች ያለውን አያውቅም። ጎንበስ ብላ ባልዲው ውስጥ አየች። ታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቂት ብርቱካንማ ክር ተጣብቋል።

ጋሽ ደወል ከዛፉ ሥር ጆሮውን አቁሞ ይጠብቅ ነበር። «እትዬ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ሚዛኑ ዝም አለ።»

«ታዲያ ዜሮ በያ።»

«ባልዲው ውስጥ ካሮት እያየሁ?»

«እንግዲያው ግማሽ በይ።»

«ያልመዘንኩትን?»

እስክሪብቶዋን «የተመለሰ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አስጠጋች። ከዚያ ክዳኑን አደረገችበት። እንዲህ ያለው እንዴት እንደሚጻፍ ቅዳሜ የእህቷን ልጅ እንደምትጠይቃት ነገረችው፣ ደብተሯንም መደርደሪያው ላይ መለሰች።

ባልዲውን ይዛ ሁለቱን ቅያስ አለፈች። ባለዶሮዋ አጥሯ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ባልዲውን ጎንበስ ብላ አይታ ቀና አለች።

«አንቺ፣ ይቺን ነው ይዘሽልኝ የመጣሽው?»

«ይቺው ናት።»

«እና አሥራ አራት ዶሮ ምን ይብላ? ባዶ ባልዲ ተሸክመሽ መምጣትሽስ ለምንድን ነው?»

«ባዶ አይደለም፤ እይው» አለቻት። «የቀረውን ልጆቹ ናቸው የበሉባቸው። መጣላት ካማረሽ ሂጂና እነሱን ተጣዪ።»

ባለዶሮዋ ምራቋን ቱፍ ብላ ሳቀች። እሷ ባልዲውን ገልብጣ ቂጡን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችው። ሦስት ዶሮዎች ሮጠው መጥተው የወደቀውን ለቀሙ። ባልዲውን በባለዶሮዋ ቧንቧ አለቀለቀች፣ በሽርጧ ጠርዝ አደረቀች፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰች። ሜዳው ባዶ ነበር፤ ከክፍሎቹ የማባዣ ሰንጠረዥ ሲደገም ይሰማል። በኩሽናው የውጭ ግድግዳ ላይ፣ በብስኩቱ ግራ ዓይን ላይ ካለው ሚስማር ወንፊቱን አንሥታ ወደ ቀጣዩ አዛወረች፤ በቦታው ቢጫውን ባልዲ አፉን ወደ ታች ደፍታ ሰቀለችው።